ከጠባቂነት ወደ አስታማሚነት፤ ዣን ባፕቲስት ፑሴንና የቢሴትር ሕሙማን

የአእምሮ ሕሙማን ከሰንሰለት የተፈቱበት ታሪክ በተነገረ ቍጥር በቅድሚያ የሚነሣው የፈረንሳዊው ሐኪም የፊሊፕ ፒኔል ስም ነው። በፓሪስ ከተማ ሐውልት ቆሞለታል፤ ታላላቅ ሠዓልያን ሥለውታል፤ የሕክምና ተማሪዎችም ከትምህርታቸው መጀመሪያ አንሥተው ስሙን ያውቁታል። ይሁን እንጂ በቢሴትር ሆስፒታል ሰንሰለቱን ያስፈታው ሰው ፒኔል አልነበረም። ያስፈታው የሕሙማኑ አለቃ የነበረው፥ የሕክምና ትምህርት ያልቀሰመው፥ ቀድሞ በቆዳ ፋቂነት ይተዳደር የነበረው ዣን ባፕቲስት ፑሴን ነው። ለዚህም ነገር ታላቁ ምስክር ፒኔል ራሱ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የአንዱን ክብር ነጥቆ ለሌላው ለማልበስ አይደለም። ፒኔል ታላቅ ሊቅ ነበር፤ የሌላውን ሥራ በሌላው ስም መመስከሩም የታላቅነቱ ምልክት ነው። ጽሑፉ ሊያስረዳ የሚሞክረው፥ ሰንሰለቱ ከመፈታቱ በፊት ምን መሠራት እንዳስፈለገ፥ ያንንም ማን እንደ ሠራውና እንዴት እንደ ሠራው ነው። በአማርኛ ቋንቋ ጠባቂና አስታማሚ የተባሉ ሁለት ቃላት አሉን። ጠባቂ ሰው እንዳያመልጥ ወይም ጕዳት እንዳያደርስ የሚቆም ነው። አስታማሚ ግን ቃሉ ራሱ ታመመ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከታመመው ሰው ጋር ሕመሙን አብሮ የሚያሳልፍ፥ የሚያበላውና የሚያጠጣው፥ ሲያቃትት የሚያዳምጠው ማለት ነው። የፑሴን ሥራ ባጭሩ ሲገለጽ ጠባቂዎችን ወደ አስታማሚነት መለወጥ ነበር። ሰንሰለቱ የወለቀው ይህ ከተፈጸመ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የቢሴትር ግቢ

ቢሴትር ከፓሪስ ከተማ በስተ ደቡብ ይገኛል። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1656 ዓ.ም. አጠቃላይ ሆስፒታል የተባለውን ድርጅት ባቋቋመ ጊዜ ቢሴትር ለወንዶች፥ ሳልፔትሪዬር ደግሞ ለሴቶች ተመደበ። ስሙ ሆስፒታል ይባል እንጂ ሥራው ማከም ብቻ አልነበረም። ለማኞች፥ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎች፥ የአባለ ዘር በሽታ የያዛቸው ሰዎች፥ ወላጅ የሌላቸው ልጆች፥ የተፈረደባቸው ወንጀለኞችና አእምሯቸው የታወከ ሰዎች በአንድ አጥር ውስጥ ይኖሩ ነበር። ጊዮቲን የተባለው የአንገት መቍረጫ መሣሪያ በ1792 ዓ.ም. በመጀመሪያ በሬሳ ላይ የተሞከረው በዚሁ ግቢ ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በፓሪስ እስር ቤቶች ላይ የወረደው ጭፍጨፋም ቢሴትርን አልዘለለውም። እንግዲህ ስለ ርኅራኄ የምንናገርበት ስፍራ ይህን የመሰለ ስፍራ መሆኑን አንባቢ ሊያስተውል ይገባዋል።

በዚያ ዘመን በፓሪስ አእምሮው የታወከ ድኻ በመጀመሪያ የሚወሰደው ኦቴል ዲዩ ወደ ተባለው ጥንታዊ ሆስፒታል ነበር። እዚያም ደሙን ያፈሱታል፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ያጠጡታል፤ በውሃ ይነክሩታል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው ‹‹የማይድን›› ተብሎ፥ ወንድ እንደ ሆነ ወደ ቢሴትር፥ ሴት እንደ ሆነች ወደ ሳልፔትሪዬር ይላካል። ስለዚህ ቢሴትር ሐኪሞች ተስፋ የቈረጡባቸው ሰዎች የሚከማቹበት ቤት ነበር። የሚቈጡትና የሚያስፈሩት በጠባብ ክፍል ውስጥ በሰንሰለት ይታሰራሉ፤ በእነርሱም ላይ የተሾሙት ሎሌዎች በዱላና በኀይል ይገዟቸው ነበር። ይህን ማድረግ በጊዜው እንደ ጭካኔ አልተቈጠረም፤ እብድ የሚገዛው በፍርሃት ብቻ ነው የሚለው አሳብ በተማረውም ባልተማረውም ዘንድ የጸና ነበርና።

የፑሴን አመጣጥ

ዣን ባፕቲስት ፑሴን በ1745 ዓ.ም. በምሥራቅ ፈረንሳይ ሎን ለ ሶኒዬ በተባለች ከተማ ተወለደ። ሥራው ቆዳ መፋቅ ነበር። በጐልማሳነቱ የአንገቱን ዕጢዎች የሚያሳብጥና የሚያቈስል በሽታ ያዘው፤ ይኸውም ዛሬ የዕጢ ነቀርሳ የምንለው ነው። በ1771 ዓ.ም. ወደ ቢሴትር የገባው እንደ ማንኛውም ድኻ በሽተኛ ሆኖ ነው። እርሱም እንደ ሌሎቹ የማይድን ተብሎ የተቈጠረ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ዳነ። ከዳነ በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ አልተመለሰም። በቢሴትር ግቢ ውስጥ ተቀጥሮ በመጀመሪያ የልጆቹ ክፍል ኀላፊ ሆነ፤ በ1780ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ደግሞ ሴን ፕሪ በተባለው በአእምሮ ሕሙማን ክፍል ላይ ተሾመ። በጊዜው አጠራር ሹመቱ ‹‹የእብዶች ገዥ›› ይባል ነበር። በ1786 ዓ.ም. ማርግሪት ዡብሊን የተባለች ሴት አገባ፤ ከዚያ ወዲያ የክፍሉን ሥራ ባልና ሚስቱ አብረው መሩት።

በዛሬው አነጋገር ፑሴን የአእምሮ ሕሙማን ነርሶች አለቃ ነበር ማለት ይቻላል። የነርስነት ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ገና አልተቋቋመም፤ ይሁን እንጂ ሥራው ነርስ የሚሠራው ሥራ ነው። መኖሪያው ከሕሙማኑ ጋር ነው፤ ቀንም ሌሊትም ያያቸዋል፤ የሚበሉትን፥ የሚለብሱትን፥ የሚተኙበትን የሚያዝዝላቸው እርሱ ነው። ሐኪሙ ጐብኝቶ ይሄዳል፤ እርሱ ግን ይቀራል። ራሱ በዚያው ግቢ በሽተኛ ሆኖ መኖሩና የማይድን ከተባለ በኋላ መዳኑ ለሕሙማን በነበረው አመለካከት ላይ ምን ያህል እንደ ሠራ የሚመዝን ሰነድ የለንም። ሆኖም ሎሌና በሽተኛ በሚገናኙበት ቤት ውስጥ የበሽተኛውን ወገን በገዛ ሰውነቱ የሚያውቅ አለቃ ማግኘት ቀላል ነገር አለመሆኑን ማንም ሊገምት ይችላል።

የሎሌዎች አመራረጥና አገዛዝ

ፑሴን በ1797 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሥራው ለመንግሥት የጻፈው አጭር ማስታወሻ አለ። ይህ ጽሑፍ በቤተ መዛግብት ተቀብሮ ከኖረ በኋላ ዶራ ዋይነር የተባለች የታሪክ ተመራማሪ በ1979 ዓ.ም. ለሊቃውንት ጉባኤ አቅርባዋለች። ከዚህ ማስታወሻና ከፒኔል መጻሕፍት ተሰብስቦ የሚገኘው የፑሴን አሠራር በሦስት ነገሮች ሊጠቃለል ይችላል።

የመጀመሪያው የዱላ መከልከል ነው። ማንም ሎሌ በማናቸውም ምክንያት በሕመምተኛ ላይ እጁን እንዳያነሣ፥ ሕመምተኛው ቢመታው እንኳ ብድር እንዳይመልስ ፑሴን አጥብቆ አዘዘ። ትእዛዙ በቀላሉ አልተፈጸመም፤ ሎሌዎቹ ዱላ ከሌለ ለሕይወታችን ያሰጋናል ብለው ተነሡበት። እርሱም አልተመለሰም፤ የሚማቱትን ከሥራ እያስወጣ ትእዛዙን አጸና። ከዚህ የምንረዳው በሕሙማን ላይ የሚደረግ ጭካኔ ሥር የሰደደው በክፉ ሰው ልብ ብቻ ሳይሆን ለፍርሃት ሌላ መድኃኒት በማያውቅ ሎሌ ልብም መሆኑን ነው። ስለዚህ አለቃው መከልከል ብቻ ሳይሆን ሌላ መንገድ ማሳየት ነበረበት።

ያንንም አሳየ። አንድ ሕመምተኛ ተቈጥቶ ድንጋይ ወይም ዱላ ባነሣ ጊዜ ፑሴን ሳይደነግጥ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እያነጋገረ በፊት ለፊቱ ይቀርበዋል። የሕመምተኛው ዓይን በእርሱ ላይ ሳለ ሎሌዎቹ በጎንና በኋላ በጸጥታ ቀርበው ሳይጐዱት ይይዙታል። ቍጣው ሲበርድም ወዲያው ይለቀቃል። ፒኔል ይህን አይቶ ተደንቆ ጽፎታል። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ሰዎችን መስማማት፥ ልምምድና በአለቃው ላይ መተማመንን የሚጠይቅ ነው።

ሁለተኛው የሎሌዎች አመራረጥ ነው። ፑሴን በተቻለው መጠን ሎሌዎቹን የሚመርጠው ከዳኑት ወይም ወደ መዳን ከተቃረቡት ሕሙማን መካከል ነበር። እነዚህ ሰዎች የሕመሙን መንገድ ስለሚያውቁት ይታገሣሉ፤ ከዱላም ይርቃሉ፤ ለሌሎችም ሕሙማን መዳን እንደሚቻል ሕያው ማስረጃ ይሆናሉ። ለራሳቸውም ሥራውና ደመወዙ ወደ ሰው ማኅበር የመመለሻ መንገድ ሆኗቸዋል። በእኛ ዘመን የዳኑ ሕሙማን ሌሎችን እንዲደግፉ ማሠልጠን በብዙ አገሮች እንደ አዲስ ግኝት ይነገራል፤ ቢሴትር ግን ይህን ያየው ከ200 ዓመታት በፊት ነው።

ሦስተኛው አስተውሎ መመልከት ነው። ፑሴን ሕሙማኑን ሁሉ በአንድነት እብድ ብሎ አላለፋቸውም። የሚቈጣውን ከተከዘው፥ አዲስ የገባውን ከሰነበተው፥ የሚያገግመውን ከጸናበት ለይቶ አስቀመጠ። የገቡትን፥ የዳኑትንና የሞቱትን በመዝገብ ያዘ። ሐኪሞች በላቲን ቋንቋ የበሽታ ስም በሚደረድሩበት ዘመን ይህ ሰው ማን በየትኛው ወቅት እንደሚብስበት፥ ማን በምን ቃል እንደሚረጋጋ ያውቅ ነበር።

የማርግሪት ዡብሊንም ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። ፒኔል እንደ ተረከው አንድ ሕመምተኛ በቍጣ ምግብ አልቀምስም ብሎ ለሞት በተቃረበ ጊዜ ማርግሪት እየቀለደችና እየዘለለች ቀረበችው፤ ሕመምተኛውም ፈገግ አለ፤ በዚያችም ደቂቃ ያቀረበችለትን ምግብ ተቀበለና ነፍሱ ተረፈች። በሐኪም መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት የአስታማሚ ሴት ጨዋታ እንደ ሕክምና ተቈጥሮ መጻፉ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነው።

ፒኔል ከፑሴን የተማረው

ፊሊፕ ፒኔል የቢሴትር ሐኪም ሆኖ የተሾመው በ1793 ዓ.ም. ነው። በእርሱ ጥበቃ ሥር የገቡት የአእምሮ ሕሙማን ወደ 200 ይጠጉ ነበር። ፒኔል በመጻሕፍት የበለጸገ ሰው ሲሆን፥ በቢሴትር ያገኘው ነገር ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ የሊቅነትን ትዕቢት ወደ ጎን ትቶ ከክፍሉ አለቃ እግር ሥር ተቀመጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፑሴንን የብዙ ዓመት ልምድ ጠየቀ፤ መዝገቡን መረመረ፤ ሲሠራ ቆሞ አየው። በ1801 ዓ.ም. ያሳተመው ስለ አእምሮ መታወክ የሚናገረው ዝነኛ መጽሐፉ በብዙ ክፍሉ ከዚህ ትምህርት የተገኘ ነው። በመጽሐፉም ውስጥ የፑሴንን ስም አልሸሸገም።

የሁለቱን አሠራር ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የልብስ ሰፊው ታሪክ ነው። ይህ ሰው በአብዮቱ ዘመን ስለ ንጉሡ መገደል አንድ ቃል ስለ ተናገረ ሊፈረድበት እንደሆነ አምኖ በፍርሃት አእምሮው ታወከ። በቢሴትርም ሙያው ተጠንቶ የሕሙማኑን ልብስ እንዲጠግን ተደረገ፤ ሥራውም ብዙ አሻለው። ቈይቶ ሕመሙ በተመለሰ ጊዜ ፒኔል ወጣት ሐኪሞችን የዳኛ ልብስ አልብሶ አስቀረባቸው፤ እነርሱም መርምረው ንጹሕ ነህ ብለው ፈረዱለት። ልብስ ሰፊው ተረጋጋ፤ ነገር ግን ፍርዱ ጨዋታ እንደ ነበረ አንድ ሰው ሲነግረው ሕመሙ እንደ ገና ተነሣበት። ፒኔል ይህን ሳይሸሽግ መጻፉ የሚያስመሰግነው ነው። ታሪኩንም የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ የሐኪሙ ብልሃት ለጥቂት ጊዜ ሲያገለግል፥ የሕመምተኛውን ሰውነት ያከበረው ግን በእጁ የገባው መርፌና ክር ነበር።

የሰንሰለቱ መፈታት

ፒኔል በ1795 ዓ.ም. ወደ ሳልፔትሪዬር ተዛወረ። እርሱ ከቢሴትር ሲወጣ ሰንሰለቱ ገና አልተፈታም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1797 ዓ.ም. የጸደይ ወራት፥ ፑሴን የመጨረሻዎቹን እስረኞች ከሰንሰለት አወጣቸው። በሰንሰለቱም ፋንታ ለሚቈጡት ከጠንካራ ሸራ የተሰፋ፥ እጅን ከደረት ጋር የሚያስር ቀሚስ አዘጋጀላቸው። በዚህ ልብስ ሕመምተኛው ከክፍሉ ወጥቶ በግቢው መዘዋወርና ፀሐይ መሞቅ ቻለ፤ ከቀድሞም ይልቅ አደገኛ ሆኖ አልተገኘም። ፒኔል መጽሐፉን አስፍቶ በ1809 ዓ.ም. ባሳተመው ጊዜ የቢሴትር ሰንሰለት ሲወድቅ በዚያ ባለመኖሩ እንደ ተጸጸተ፥ ሥራውም የፑሴን እንደ ሆነ በግልጽ መስክሯል።

ሰንሰለቱ በአንድ ቀን ሊወልቅ የቻለው ከዚያ በፊት ባሉት ከ10 በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ ዱላ ስለ ተከለከለ፥ ሎሌዎች ስለ ተመረጡና ሕሙማን ተለይተው ስለ ታወቁ ነው። ይህ ሳይዘጋጅ ሰንሰለቱ ብቻ ወልቆ ቢሆን ኖሮ ሎሌዎቹ በፍርሃታቸው ሌላ ማሰሪያ መፈለጋቸው አይቀርም ነበር።

ፒኔልም ይህን ስለ ተረዳ ወደ ሳልፔትሪዬር ከሄደ በኋላ ፑሴን እንዲላክለት ባለሥልጣኖችን ደጋግሞ ለመነ። ፈቃዱ የተገኘው በ1802 ዓ.ም. ነው። ፑሴን ከሚስቱ ጋር ወደዚያ ተዛውሮ እስከ ዕለተ ሞቱ አገለገለ። ያረፈው በ1811 ዓ.ም. ነው።

አፈ ታሪኩ እንዴት ተስፋፋ

ታዲያ የፑሴን ስም እንዴት ተረሳ? መልሱ የሚገኘው ከሁለቱም ሰዎች ሞት በኋላ በተጻፉት ጽሑፎች ነው። ፒኔል በ1826 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ልጁ ሲፒዮን ፒኔል በ1836 ዓ.ም. ስለ አባቱ አንድ ታሪክ ለሕክምና አካዳሚ አቀረበ። በዚህ ታሪክ መሠረት ፒኔል ሰንሰለቱን ለመፍታት ፈቃድ ሲጠይቅ ኩቶን የተባለው አስፈሪ የአብዮት ሹም ወደ ቢሴትር መጥቶ፥ እንዲህ ያሉትን አውሬዎች መፍታት የሚፈልግ ሰው ራሱ አእምሮው የጐደለ ነው ወደ ማለት ደርሶ ሄደ፤ ፒኔል ግን በድፍረት ፈታቸው። ከተፈቱትም አንዱ ብርቱ ወታደር የፒኔል ታማኝ አገልጋይ ሆነ፤ ሊሰቅሉት ከተነሡ ሰዎች እጅም አዳነው ይላል።

ትረካው ልብን ይስባል። ነገር ግን ከፒኔል ከራሱ መጻሕፍት ጋር አይስማማም። ግላዲስ ስዌን በ1977 ዓ.ም. ባሳተመችው ጥናት፥ ዶራ ዋይነርም ከእርሷ ቀጥላ ባወጣችው ሰነድ ይህን አስረድተዋል። ሆኖም አፈ ታሪኩ በሥዕል ጸንቶ ነበር። ሻርል ሙለር የቢሴትርን፥ ቶኒ ሮቤር ፍለሪ ደግሞ በ1876 ዓ.ም. የሳልፔትሪዬርን ትዕይንት ሣሉ። በሮቤር ፍለሪ ሥዕል ውስጥ አንዲት ሴት ከብረት ማሰሪያ ስትፈታ፥ ሌላይቱ ተንበርክካ የፒኔልን እጅ ስትስም ይታያል። ብረቱን ከሴቲቱ ወገብ የሚፈታው ሰው ግን ሐኪሙ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ የሚሠራ አንድ ሎሌ ነው። ሠዓሊው ሳያስበው እውነቱን ትቶልናል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅም ነገር አለ። መጽሐፍ የሚጽፈው፥ ሐውልት የሚቆምለት፥ በጉባኤ የሚናገረው የተማረው ሰው ስለ ሆነ፥ በእጅ የተሠራው ሥራ ብዙውን ጊዜ በብዕር ለጻፈው ይቈጠራል። የአስታማሚን ታሪክ ለማግኘት የሚፈልግ ሁሉ የሐኪሙን መጽሐፍ ሲያነብ በገጹ ዳር የቆመውን ሰው መፈለግ ይኖርበታል።

የተነሣው ተቃውሞ

ይህን ሁሉ ስንል ግን ፑሴንን መልአክ አድርገን ልናቀርበው አይገባም። ፒኔል የተረከው ሌላም ታሪክ አለ። አንድ በሃይማኖት አሳብ የተያዘ ሕመምተኛ ምግብ አልበላም ባለ ጊዜ ፑሴን በሌሊት፥ ፊቱን አስፈሪ አድርጎ፥ በነጐድጓድ ድምፅ እየተናገረ፥ ሰንሰለት የሚያቃጭሉ ሎሌዎች አስከትሎ ገባበት፤ ሾርባውንም አስቀምጦ፥ እስከ ንጋት ካልበላው እንደሚቀጣው ዝቶበት ወጣ። ሕመምተኛው ከብዙ ጭንቀት በኋላ በላ። እንግዲህ ዱላ ቢቀርም ፍርሃት ፈጽሞ አልቀረም ማለት ነው። እጅን የሚያስረው የሸራ ቀሚስም ቢሆን ማሰሪያ ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ በ1961 ዓ.ም. ስለ እብደት ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አጥብቆ ተቃውሟል። የብረቱ ሰንሰለት ቢወልቅም በምትኩ የማይታይ ሰንሰለት ገባ፤ ሕመምተኛው ዘወትር በሚመለከተው ዓይንና በገዛ ራሱ ኀፍረት ታሰረ ይላል። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ቢሆንም በብረት ታስሮ በገለባ ላይ የሚተኛ ሰው ወጥቶ ፀሐይ ከሞቀ፥ ሎሌው የመታውም ከሥራ ከተሰናበተ፥ ይህ ለዚያ ሰው ትንሽ ነገር ነው ለማለት አይቻልም። የፑሴን አሠራር ፍጹም ባይሆንም፥ ያስቀመጠው ጥያቄ ግን ጸንቶ ይኖራል፤ ይኸውም በሕመምተኛው አጠገብ የሚቆመው ማን ነው፥ ምንስ ተፈቅዶለታል የሚለው ነው።

በሌሎች አገሮች

ይህ አሳብ የአንድ አገር ብቻ አልነበረም። በኢጣልያ ቪንቼንዞ ኪያሩጂ የተባለ ሐኪም በፍሎረንስ ከተማ በ1789 ዓ.ም. በወጣው የሆስፒታል ደንብ ሕሙማን በሰብአዊነት እንዲያዙ አድርጓል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኩዌከር የሚባለው የክርስቲያን ማኅበር አባል የሆነች ሴት በ1790 ዓ.ም. በዮርክ ከተማ የእብዶች ሆስፒታል፥ ጠያቂ እንዳይገባባት ተከልክላ ሞተች። ማኅበሩም በዊልያም ቱክ መሪነት ሪትሪት የተባለውን ቤት በ1796 ዓ.ም. ከፈተ። በዚህም ቤት የዕለት ተዕለቱን ሥራ የመሩት ጆርጅ ጄፕሰንና የሴቶች ክፍል አለቃ የነበረችው ካተሪን አለን ናቸው፤ ሁለቱ በ1806 ዓ.ም. ተጋቡ። በዮርክም እንደ ቢሴትር በስም የታወቀው ሌላ፥ ከሕሙማኑ ጋር አድሮ የሚውለው ሌላ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ነርስነት በትምህርት ቤት የሚሰጥ ሙያ ከሆነ በኋላ ይህን የአሠራር ልማድ ወደ ትምህርት የለወጠችው አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው ናት። በ1952 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ፥ በነርስና በሕመምተኛ መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ ሕክምና መሆኑን አስተማረች። ነርሷ ስለ ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ስለ ገዛ ፍርሃቷና ቍጣዋም መመርመር እንዳለባት አስረዳች። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮም በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ በአእምሮ ሕሙማን ነርስነት ከፍተኛ ትምህርት አቋቋመች። ፑሴን የሎሌዎቹን ፍርሃት በትእዛዝና በምሳሌነት ሲገዛ፥ ፔፕላው ነርሷ ፍርሃቷን በማወቅ ራሷ እንድትገዛው አደረገች። በዚህ ረገድ እርምጃው ትልቅ ነው።

ለኢትዮጵያ ጥናት የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ በላይ የተነገረው የፈረንሳይ ታሪክ ነው፤ ሆኖም በአገራችን የሕዝብን ኑሮ ለሚያጠኑ ሰዎች የሚያነሣው ጥያቄ አለ። በኢትዮጵያ በጽኑ የአእምሮ ሕመም የተያዘን ሰው በሰንሰለት ወይም በገመድ ማሰር በብዙ ስፍራ የታየ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በሶዶ ወረዳ ስለ ተደረገ ምርመራ የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ቤተ ሰቦች ዘመዳቸውን የሚያስሩት በአብዛኛው ሕክምና ስለሚቸግራቸው፥ ወይም ወደ ሕክምና ለማድረስ፥ ወይም እርሱንም ሌላውንም ከአደጋ ለመጠበቅ ሲሉ ነው። የሚያስረውና የሚያስታምመው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ እናት ትሆናለች፥ ወንድም ይሆናል። በጠበል ስፍራም ሆነ በሆስፒታል ከሕመምተኛው ጋር አብሮ የሚሰነብተው ይኸው አስታማሚ ነው።

በዘመናዊ ሕክምናም በኩል የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነርሶች በአእምሮ ሕክምና ልዩ ሥልጠና እያገኙ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመድበው፥ ልዩ ሐኪም በሌለበት ስፍራ የሥራውን ሸክም ተሸክመዋል። የእነዚህ ነርሶች ታሪክ ገና በሚገባ አልተጻፈም።

ተመራማሪዎች ወደ መንደርና ወደ ጠበል ስፍራ ሲሄዱ የሚቈጥሩት ሰንሰለቱን ነው። ሰንሰለቱ በግልጽ የሚታይ ነውና ይህ ተገቢ ነው። ከቢሴትር የምንማረው ግን ከሰንሰለቱ ጋር ሰውየውንም መቍጠር እንደሚገባ ነው፤ ይኸውም በሕመምተኛው አጠገብ ስንት ሰው እንዳለ፥ ያ ሰው በስንት ቀን አንድ ሌሊት እንደሚተኛ፥ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ማን እንዳሳየው፥ ሲደክመውስ ማን እንደሚተካው ነው። ፑሴን ብረቱን ከማውለቁ በፊት ከ10 ለሚበልጡ ዓመታት የደከመው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነበር። አስታማሚው ሳይዘጋጅ ብረቱ ቢወልቅ፥ የበሽተኛውን እጅ የሚያስር ሌላ ነገር መገኘቱ አይቀርም።